ከእንስራው ጀርባ

በድሬዳዋ ማንም ሰው ሳያስብበት ግድግዳ አይደገፍም። ልጆች ይህን ከፊደል በፊት ይማራሉ። ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ይቆማል። የተጣሉ ሰዎች ጠባቸውን ይዘው ወደ መንገዱ መሐል ይወጣሉ። ፍቅረኞችም እንዲሁ፤ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፣ አስፋልቱ መሐል ቆመው የሚንሾካሾኩ ሁለት ወጣቶችን ባጃጆች በግራና በቀኝ እየዞሩ ሲያልፏቸው ማየት የተለመደ ነው። ጡሩምባ የሚነፋ የለም።

መታወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ጀርባውን ይሰጣል። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ደጃፍ አስቀምጦ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ቤተሰቡ ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ከዚያ አይንቀሳቀስም። ይህ አደራ መስጠት ይባላል። ከዚያ ግድግዳው ከሽቦው ተነቅሎ በጨርቅ ይከለላል፤ መንገደኛው በሰላም መግባቱ ሲሰማ ከለላው ይነሣል። በየሰፈሩ ከለላቸው ያልተነሣ ግድግዳዎች አሉ። ስለ እነሱ አይጠየቅም።

ግድግዳዎቹ የብርሃን ቅብ ለብሰዋል፤ የከተማዋ ኤሌክትሪክ የሚወጣው ከዚያ ነው። ብርሃን ቅቡ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣል፤ የተነሣበት ቦታ ባዶ ይቀራል። አብዛኞቹ ኤሌክትሮኖች ሽቦው ዘንድ ይደርሳሉ፤ መብራት ያበራሉ፣ ውኃ ይስባሉ። አንዳንዶቹ ሳይደርሱ ባዶ ቦታ አግኝተው ይወድቁበታል፤ ያኔ ኤሌክትሮኑም ባዶ ቦታውም አብረው ይጠፋሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ በቅቡ እንከኖች ውስጥ ይያዛሉ። እንከኖቹ ወጥመድ ይባላሉ። የተያዘ ኤሌክትሮን ሙቀት እስኪቀሰቅሰው ድረስ እዚያው ይኖራል። በየምሽቱ ከተማው በሽቦዎቹ ጅረት መልሶ ይልካል፤ ወጥመዶቹም ለነገ ይጸዳሉ። ስለዚህ ግድግዳ የሚያስታውሰው የዕለቱን ብቻ ነው፤ ያውም ሰው ተደግፎ ብርሃን የከለከለበትን ቦታ ብቻ። ችሎቶች ይህን በቂ ነው ብለው ከተቀበሉ አንድ ትውልድ አልፏል።

ትርሲት አንባቢ ናት። በብርሃን ንባብ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። የተከለለ ግድግዳ ቅብ ሲላጥ ተቀብላ ወደ ጨለማው ክፍል ታስገባና በምድጃ ውስጥ ታሞቀዋለች። የተያዙት ይለቀቃሉ፤ ይንከራተታሉ፤ ባዶ ቦታ ሲያገኙ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁ ደብዛዛ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣሉ። ሰው የተደገፈበት ቦታ በብርሃኑ መሐል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። መቅረጫው ምስሉን ይወስዳል። ከዚያ ሁሉም ይከስማል። ሁለተኛ ንባብ የለም።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ከአብዱሰላም ጋር ወደ ገንደ ቆሬ ሰፈር ሄዱ። አብዱሰላም መኪናውን የሚነዳና ቅቡን የሚልጥ ባልደረባዋ ነው። በዕድሜ አባቷ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በድሬዳዋ አንቱታ ብዙ ቦታ ስለሌለው እሱም እሷም አንተና አንቺ ይባባላሉ። አብዱሰላም ተቆጥቶ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ግድግዳ የሚልጡት ጠዋት ጠዋት ነው። ቀትር ላይ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ይህ ከባቡሩ መምጣት ጀምሮ ያልተሻረ ሥርዓት ነው። የዛሬው ጉዳይ ግን ለነገ ጠዋት ችሎት ተቀጥሮ ስለ ነበር ጊዜ አልነበረም።

«በዚህ ሰዓት ድሬ ውስጥ የሚሠራ ፀሐይ ብቻ ነው፤» አለ። «እሷም ደመወዝ ስለማይቆረጥባት ነው። የማን ቤት ነው?»

«ሱራፌል የሚባል ልጅ። ቬንትሌተር ጠጋኝ ነው።»

«የመስመሩ ጉዳይ?»

«የመስመሩ።»

አብዱሰላም ከንፈሩን መጠጠ። ከሳምንት በፊት የከተማዋን ኤሌክትሪክ ወደ ወደቡ የሚወስደው መስመር ረፋድ ላይ ተቆርጧል፤ አንድ ዘበኛም ሞቷል። ሱራፌል በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ በመንገድ ላይ ተያዘ። በእጁ ፒንሳና የመዳብ ሽቦ ተገኘ። እሱ ጠዋቱን በሙሉ ከቤት አልወጣሁም አለ። ያየው ሰው አልነበረም። ምስክሩ ግድግዳው ብቻ ነው።

«አቦ፣ ቬንትሌተር ጠጋኝ ሲታሰር እኮ ከተማው ነው የሚፈረድበት፤» አለ አብዱሰላም። «የኔ ከሞተ ሳምንት ሆነው። ሚስቴ በካርቶን እያራገበችኝ ነው።»

«አንተን? እሷ?»

«እሺ፣ እኔ ነኝ እሷን። ምን ታደርቂኛለሽ?»

ፊት ለፊታቸው አንድ ሚኒባስ ቆመ። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ወረደች። ከኋላዋ የነበረው ሰው ወደ እሷ ቦታ ተሻገረ፤ ከእሱ ኋላ ያለው ወደ እሱ፤ እንዲህ እያለ ባዶው ወንበር ወደ መጨረሻው ረድፍ ተጓዘ። ለአዲስ አንባቢ ባዶ ቦታ በቅብ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያስረዱት በዚህ ነው፤ ትርሲትንም ያስረዳት አብዱሰላም ነበር።

«ይኸው ትምህርት ቤትሽ፤» አላት።

«ወንበሩ የትም አልሄደም እኮ።»

«ባዶነቱ ግን ሄደ። ከውጭ የሚገባ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ይዞራል።»

የሱራፌል እናት አስካለ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። በታይዋን ገበያ ሎሚና ቃሪያ የምትሸጥ፣ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ናት።

«ደረሳችሁ? ግቡ፣ ግቡ። መጀመሪያ ውኃ። ፊታችሁ ቲማቲም መስሏል።»

ግቢው ጠባብ ነው። ግድግዳው ወደ ምዕራብ ይመለከታል፤ ጠዋት ጥላ ነው፤ በዚህ ሰዓት ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ቆማበታለች። ከላይ እስከ ታች ተከልሏል። ሁለት ጥቁር የሱፍ ብርድ ልብሶች ተደራርበው፣ በላያቸው የሐዘን ጥቁር ነጠላ ተጨምሮ፣ ጫፋቸው በድንጋይ ተረግጦ። ከታች በኩል፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ በብረት ማስቀመጫ ላይ አንድ ትልቅ የሸክላ እንስራ ነበር። አስካለ በጣሳ እየቀዳች አጠጣቻቸው። ውኃው ጥርስ ያማል።

«እትዬ አስካለ፣ ማን ከለለው?» አለች ትርሲት።

«እኔ ነኛ። ብቻዬን። ገበያ ነበርኩ፤ ልጅሽን ያዙት አሉኝ። ሎሚዬን መሬት ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ወዴት እንደ ሮጥኩ ታውቂያለሽ? ወደ ጣቢያ አይደለም። ወደዚህ። ልጇ ታስሮ ቤቷ የምትሮጥ፣ ምን ዓይነት እናት ናት ብለዋል። ይበሉ። የከሰዓት ፀሐይ ሳይመታው መድረስ ነበረብኝ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሽቦውን ነቀልኩ። ከዚያ በጽሑፉ መሠረት ከለልኩት። በቃሌ ነው የማውቀው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ፤ ሲቻል ተደርቦ። ደረብኩት። እንዲያውም ነጠላውን የጨመርኩት ከራሴ ነው።»

ጽሑፉ በየቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ዋና መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ልኮታል። እዚያ በክረምት ሰው ካፖርት ይለብሳል።

ትርሲት መዳፏን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሣችው። የድስት ክዳን የነካች መሰላት። ጫፉን ገልጣ እጇን ወደ ውስጥ አስገባች። ቅቡ ራሱ ያቃጥላል። የምድጃውን ያህል አይደለም፤ ከምድጃው ሩቅ ነው። ነገር ግን ምድጃው የሚያሞቀው ለአፍታ ነው። ይህ ግድግዳ ሳምንት ሙሉ፣ ከቀትር እስከ ማታ፣ በጥቁር ሱፍ ሥር ተቀቅሏል። ትንሽ ሙቀት ለብዙ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ብዙ ሙቀት ለትንሽ ጊዜ ከሚሠራው አይለይም። ይህን በሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ተምራለች። ከግድግዳ ጋር አያይዛው ግን አታውቅም። በከሰዓት በኋላ የተከለለ ግድግዳ ነክታም አታውቅም። ማንም ነክቶ አያውቅም፤ ሁሉም ተኝቶ ነው።

አብዱሰላም የእሷን ፊት አየና እሱም ነካ። እጁን በፍጥነት መለሰ።

«እዚህ ነው የሚቀመጠው ሱራ፤» አለች አስካለ። «ጠዋት ጥላ ነው። ጀርባውን ለጥፎ፣ ሞተሩን ጭኖቹ መሐል ይዞ፣ የመዳብ ሽቦውን ይጠመጥማል። አትደገፍ፣ ቅቡን ታቆሽሻለህ እያልኩ ስጮህበት ነው የኖርኩት። ተመስገን አልሰማኝም።»

«በየትኛው እጁ ነው የሚጠመጥመው?»

«በግራው። ግራኝ ነው። መምህሩ በልጅነቱ ሊያስተወው ሞክሮ መምህሩ ነው የተወው።»

ትርሲት እጇን በብርድ ልብሱ ሥር እያንሸራተተች ወደ ቀኝ፣ የሱራፌል ግራ እጅ ወደሚውልበት በኩል ሄደች። ትኩስ፣ ትኩስ፣ ትኩስ። ከእንስራው ጀርባ ስትደርስ ጣቶቿ ቀዘቀዙ። እንስራው ያልበዋል፤ ሱፉ ረጥቧል፤ ከኋላው ያለው ቅብ እንደ ቤት ውስጥ ወለል ቀዝቃዛ ነው። ስፋቱ የአንድ ትሪ ያህል ቢሆን ነው።

«እንስራውን እዚህ ማን አስቀመጠው?»

«ነፋሱ ብርድ ልብሱን እየገለጠ አስቸገረኝ። መርገጫ ነው። ከዚያ ደግሞ እዚያው ለመደ፤ በየቀኑ እሞላዋለሁ።» ከአንዷ ወደ አንዱ ተመለከተች። «ምነው? ይነበባል አይደል?»

«እናየዋለን፤» አለች ትርሲት።

አብዱሰላም ብርሃን የማያስገባውን የመላጫ ድንኳን ዘርግቶ ብርድ ልብሶቹን ሲያወርድ ትርሲት እንስራው የነበረበትን ቦታ ዙሪያ በጠመኔ ከበበች። አስካለ ጠመኔውን አየች። ጣሳዋን አጥብቃ ያዘች።

ጨለማው ክፍል ከጽሕፈት ቤቱ ኋላ ነው፤ መስኮት የለውም። ደንቡ ከቅቡ ጠርዝ አንድ ቀጭን ክር ለሙከራ እንዲነበብ ይፈቅዳል። ትርሲት ክሩን አስገባች። ምድጃው ሞቀ። በመመልከቻው ቀዳዳ የታየው ጨለማ ብቻ ነበር። ክሩ አስቀድሞ ተነብቧል፤ ያነበበችው ፀሐይዋ ናት።

ሙሉው ቅብ ቢገባ የሚሆነው ግልጽ ነበር። መቅረጫው የሚቀሰቀሰው ከጠቅላላው ስፋት የሚወጣው ብርሃን በቂ ሲሆን ነው። ከሙሉው ቅብ መሐል የትሪ ያህሉ ብርሃን አይቀሰቅሰውም። ምድጃው «ባዶ» የሚል ውጤት ያወጣል፤ ከእንስራው ጀርባ የተረፈውም በዚያው ይነድዳል። ባዶ ግድግዳ በሕግ ትርጉም አለው። ቤተሰቡ በከሰል ወይም በካውያ አሙቆ ማስረጃ አጥፍቷል ማለት ነው። ሱራፌል ምስክሩን ያጣል፤ አስካለ ተከሳሽ ትሆናለች።

ለኃላፊዋ ለአቶ ዳግም ደወለች። አቶ ዳግም ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ሙሉውን አስገቢው፤» አሏት።

«ሙሉው ባዶ ነው የሚለው። ትንሽ የተረፈ ቦታ አለ። ያንን ለብቻው ቆርጬ ባስገባው ይነበባል።»

«ትንሽ ከሆነ ባዶ ነዋ።»

«ባዶ አይደለም፤ ተቃጥሏል።»

«ማን አቃጠለው?»

«ማስታወቂያችን፤» አለች።

«ትርሲት፤» አሉ አቶ ዳግም፣ ቀስ ብለው፣ «ይህን ቃል ለሌላ ሰው ሳይሆን ለእኔ በመናገርሽ ደስ ብሎኛል። የተቆረጠ ቅብ ማስረጃ አይደለም፤ የቆረጠውም ይጠየቃል። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ሙሉውን አስገቢው። ለሴትየዋ አትጨነቂ፤ በዕድሜያቸው ምክንያት ቅጣቱ ይቀልላቸዋል። ከዚህ በፊትም ቀልሏል።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚህ በፊትም የሚለው ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረ።

አብዱሰላም የመላጫ ቢላዋውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል።

«እኔ ልቁረጠው። መላጥ የኔ ሥራ ነው።»

«መቁረጥ ግን የማንም ሥራ አይደለም።»

«ጡረታዬ ደርሷል። ምን ያረጉኛል?»

«ጡረታህን ያስቀሩብሃላ።»

አብዱሰላም አሰበበት። «እሱስ ልክ ነሽ፤» ብሎ ቢላዋውን ሰጣት።

በጠመኔው መስመር ላይ ቆረጠች። ቁራጩን ምድጃው ውስጥ አንጥፋ መቅረጫውን አቀረበችለት። ቀዩን መብራት አጠፉ። አብዱሰላም ከኋላዋ በረጅሙ ይተነፍሳል።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከቁራጩ ጠርዝ አረንጓዴው ብርሃን መጣ፤ እንደ ጧት ጎህ ሳይሆን እንደሚያገግም ሰው ፊት፣ ቀስ እያለ። በግራው በኩል አንድ ቀጥ ያለ ጥቁር ነገር ቆመ፤ የትከሻና የጎን ዳርቻ ነው፤ ስለቱ የጠራ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተነቃነቀ ሰው የሚተወው ዓይነት። ከእሱ በስተቀኝ ግን ጥቁሩ ጥቁር አልነበረም። ክንድ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ክብ ጭጋግ ነበር። በመሐሉ ጠቆር፣ ወደ ዳር እየሳሳ፣ ደግሞ እየተመለሰ፤ አንድ ክርን ጠዋቱን በሙሉ ግድግዳውን እየታከከ የዞረበት ዱካ። አንድ ሰው ሽቦ ሲጠመጥም። በግራ እጁ።

መቅረጫው ጠቅ አለ። ብርሃኑ ከሰመ።

«ወላሂ ይኸው ተቀምጦ ነበር፤» አለ አብዱሰላም በጨለማው ውስጥ። ቀጥሎም፦ «ትርሲት፣ አምና በሰኔ ሳቢያን ሰፈር ያነበብነው ግድግዳ። ሽማግሌው። ግድግዳው ጥቁር ጋቢ ነበር የለበሰው፤ ባዶ አልን።»

«አውቃለሁ።»

«ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለችውስ፣ ሁለት ልጆች ያሏት?»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

መብራቱን ለማብራት ማንኛቸውም አልቸኮሉም።

ችሎቱ ጠዋት ተሰየመ። በችሎት አንቱታ አለ። ሱራፌል በተከሳሾች ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀጭን ልጅ ነው፤ ጀርባውን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አጥብቆ አጣብቋል። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለግድግዳ ንባብ ሰው ሁልጊዜ ይመጣል፤ ከኋላ ረድፍ የሚቀመጡት በብዛት የራሳቸው ግድግዳ የተነበበባቸው ናቸው። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹን ትርሲት ታውቃቸዋለች። እነሱም ያውቋታል።

ዐቃቤ ሕጉ ምስሉን አየና ወዲያው ተነሣ። ቅቡ ተቆርጧል፤ ስለዚህ ማስረጃ አይደለም፤ ቆራጩም በሕግ ሊጠየቅ ይገባል አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ትርሲትን ተመለከቱ። «ለምን ቆረጡት?»

«የቀረው ስለ ተቃጠለ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«ማን አቃጠለው? እናትየው?»

አስካለ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እኔ? ኧረ በጽሑፉ ነው የከለልኩት! ነጠላውን ከመጨመሬ በቀር...»

«ይቀመጡ እናቴ።»

«እናትየው የታዘዙትን ነው ያደረጉት፤» አለች ትርሲት። «ማስታወቂያው ወፍራምና ጥቁር ጨርቅ ይላል። በዚህ ከተማ በበጋ ጥቁር ሱፍ ግድግዳውን ያበስለዋል። የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል። የተረፈው ከእንስራው ጀርባ ያለው ብቻ ነው፤ እንስራው ስላቀዘቀዘው። ይህን እስከ ትናንት አላወቅኩም። የማውቅበት ዕድል ነበረኝ፤ አላወቅኩም።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጥያቄውን መጠየቅ እንደማይፈልግ ሰው።

«በእርስዎ እጅ ከተነበቡት ውስጥ፣ በሙቀቱ ወራት በጥቁር ተከልለው የመጡ ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«ውጤታቸው ምን ነበር?»

«ባዶ።»

«ስንቶቹ?»

«ሁሉም።»

ከኋላ ረድፍ አንድ ወንበር ተንቋቋ። አንዲት ሴት ተነሥታ ቆመች። አጠገቧ የነበረ ጎልማሳ ተነሣ። ከዚያ ሌላ። የጮኸ አልነበረም። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ተቀመጡ ለማለት አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። የእነዚያ ሰዎች ግድግዳዎች ተነብበዋል፤ ሁለተኛ ንባብ የለም።

ዳኛዋ ምስሉን ለጊዜው ተቀበሉት። ሱራፌል በዋስ እንዲወጣ አዘዙ፤ እናቱ ላይ ክስ እንዳይመሠረት አገዱ፤ ስለ አንባቢዋ የቀረበውን አቤቱታ ለሚመለከተው አካል መሩ። ሱራፌል ከተከሳሾች ወንበር ሲነሣ አስካለ ደርሳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ወንበሩን አየ፤ ከዚያ ትርሲትን አየ። በእይታው ውስጥ ቂም አልነበረም። የሥራ እይታ ነበር።

በር ላይ አስካለ ክንዷን ያዘቻት።

«እንስራውን እዚያ ባላደርገው ኖሮ?»

ትርሲት የአስካለን እጅ በእጇ ሸፈነች።

«እኔ ነበርኩ የማጠፋው፤» አለች አስካለ። «በገዛ እጄ። ሮጬ ሄጄ።»

«እማዬ፣ በቃ፤» አለ ሱራፌል። ከዚያ ወደ ትርሲት ዞሮ፣ እጁን ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት፦ «ቬንትሌተርሽ ከተበላሸ...» አለ፤ ሳይጨርሰው ቀረ።

ከሰዓት በኋላ መልእክቱ መጣ። አቶ ዳግም ናቸው የላኩት፤ እንደ ልማዳቸው በትሕትና። ነገ ጠዋት ቃሏን የሚቀበሉ ሰዎች ወደ ቤቷ እንደሚመጡ፣ እስከዚያ ከከተማው እንዳትወጣ፣ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ልብስ ብታዘጋጅ መልካም መሆኑን የሚገልጽ ነበር። እንዲህ ዓይነት መልእክት ስለ ደረሳቸው ሰዎች በኋላ ምን እንደሚባል በዚህ ከተማ ይታወቃል። በፈቃዷ ከቤት ወጣች፤ ሲመጡ አልነበረችም፤ ይባላል።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አብዱሰላም መጣ። በአንድ እጁ የሸክላ እንስራ አንጠልጥሏል፤ በሌላው ሻይ ቅጠልና ስኳር የቋጠረ ፌስታል።

«ቤትሽ ሻይ እንደማይኖር አውቄ ነው፤» አለ። «እንስራው አፈ ሰባራ ነው፤ ርካሽ ሰጡኝ።»

ትርሲት አልሳቀችም፤ ቦታ አሳየችው። የግቢዋ ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ በዚህ ሰዓት ጥላ ነበር፤ የሰማዩ ብርሃን ግን ገና ሙሉ ነው። ሽቦውን ነቀለች። ወፍራም ነጭ አንሶላዋን ከሳጥን አውጥታ አጠገቧ አጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ተረከዟን፣ ጀርባዋን፣ የጭንቅላቷን ኋላ ከግድግዳው ጋር አገናኘች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሌሎችን ጀርባ ስታነብ የራሷን ለማንም ሰጥታ አታውቅም ነበር። ቅቡ ለብ ያለ ነው። እጆቿን በጎኗ ዘርግታ፣ መዳፎቿን ከፍታ ቆመች።

አብዱሰላም ሻዩን አፈላ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀዳ። እንደ ቤተሰብ አንዱ ሰው መጠጣት ነበረበት።

«ስኳር በዛበት፤» አለ።

«ቀስ ብለህ ጠጣ።»

«ትኩስ ነው፤ ወድጄ ነው የምዘገየው?»

ጠጣ። ደግሞ ቀዳ። ግድግዳው ማዶ የባጃጅ ድምፅ ቀረበና አለፈ። በጎረቤት አንዲት ልጅ ከግድግዳው ራቂ እየተባለች ትጮኻለች። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ይቀንስ ነበር፤ በትርሲት ዙሪያ ግን አሁንም ይገባል፤ ኤሌክትሮኑ ቦታውን ለቆ ይነሣል፤ ይወድቃል፤ ይያዛል።

ሻዩ ካለቀ ቆይቷል። አብዱሰላም ባዶውን ብርጭቆ ወደ አፉ እየወሰደ፣ እፍ እያለበት፣ እንደገና ይጎነጭ ነበር።